ሰብል አጥፊ እንስሳትን ስለመከላከል፦ ጠመንጃ ለየትኛው እንስሳ ያዋጣል?

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

1. መግቢያ

በሰብል ጥበቃ ሥልጠናዎች ስለ ነፍሳት ተባይ፣ ስለ አረምና ስለ ሰብል በሽታ በሰፊው ይነገራል። ስለ አይጥ፣ ስለ ጃርት፣ ስለ ከርከሮና ስለ ጦጣ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ውይይት ሲከፈት ከአርሶ አደሩ በኩል ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእነዚሁ እንስሳት ጉዳይ ነው። ጥያቄውም «ፈቃድ ያለው መሣሪያ አለኝ፤ ለጃርትና ለጦጣ የሚሆነው የትኛው ጥይት ነው?» የሚል ነው።

ሌሊቱን በማማ ላይ አድሮ ሲነጋ የተነቀለ ድንችና የተጋደመ በቆሎ ያየ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ ጥያቄውን ሳናልፍ እንመልሳለን። መልሱ ባጭሩ፣ በአካባቢያችን በአርሶ አደሩ እጅ የሚገኙት መሣሪያዎች ለትናንሽ እንስሳት የተሠሩ አይደሉም የሚል ነው። የምንጠቀምበትን ዘዴ መምረጥ ያለብን እንስሳው በሚራባበት ፍጥነት፣ በሚንቀሳቀስበት ሰዓትና በሚያድርበት ቦታ ነው። ይህን ለይቶ ያወቀ አርሶ አደር በአነስተኛ ወጪና ያለ አደጋ ሰብሉን ማዳን ይችላል።

2. ስለ ጥይት ልክ ማወቅ የሚገባን

ካሊበር ወይም የጥይት ልክ የምንለው የጠመንጃው አፈሙዝ ቀዳዳ ስፋት ሲሆን በሚሊ ሜትር ይለካል። በአንዳንድ አገሮች ፈቃድ ያላቸው ገበሬዎች ትናንሽ አጥፊ እንስሳትን በመሣሪያ ይከላከላሉ። ለመጋዘን አይጥ 4.5 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የአየር ጠመንጃ፣ ለጥንቸል 5.6 ሚሊ ሜትር የሆነች ትንሽ ጥይት፣ ለወፍ ደግሞ በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን እርሳሶች የሚረጭ የአደን ጠመንጃ ይጠቀማሉ። የምርጫው መርህ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የጥይቱ ጉልበት ለእንስሳው የሚመጥን እንጂ ከመጠን ያለፈ መሆን የለበትም። ሁለተኛ፣ ጥይቱ እንስሳውን ቢስት ወይም በስቶ ቢያልፍ የሚቀበለው ለስላሳ የአፈር ጉብታ ከኋላ መኖር አለበት።

አሁን ይህን ከእኛ ሁኔታ ጋር እናነጻጽር። ባለ 5.6 ሚሊ ሜትሯ ትንሽ ጥይት ክብደቷ 2.6 ግራም ያህል ነው። የክላሽ ጥይት ባለ 7.62 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወደ 8 ግራም ይመዝናል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ጉልበቱም ከትንሿ ጥይት ከ10 እጥፍ ይበልጣል። ከአባት የወረስናቸው ረጃጅም የድሮ ጠመንጃዎች ጉልበታቸው ከክላሽም ይልቃል። እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ለጦር ሜዳ ነው። ትንሽ የምትባለዋ ባለ 5.6 እንኳ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። የክላሽ ጥይት ዒላማውን ከሳተ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሊወድቅ ይችላል። ከማሳዎ 2 ኪሎ ሜትር ርቆ ምን እንዳለ ያስቡ፤ የጎረቤት ቤት፣ የውኃ መንገድ፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ይኖራሉ።

በተለይ ሌሊት የሚተኮስ ጥይት አደገኛ ነው። ጃርትና የዱር አሳማ በሚመጡበት ሰዓት ከማሳው ማዶ ሌላው አርሶ አደር በራሱ ማማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። በቆሎ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ የተሰማው አሳማ ይሁን ጎረቤት በጨለማ መለየት አይቻልም። መሬታችንም በአብዛኛው ድንጋያማና እርከን የበዛበት በመሆኑ፣ ጥይት በዝቅተኛ አቅጣጫ ድንጋይ ሲመታ ነጥሮ ወዳልታሰበ ቦታ ይሄዳል። አንድ ጃርት ለመምታት ተብሎ የሰው ሕይወት ቢጠፋ ጉዳቱ በካሣ የሚመለስ አይደለም፤ በአካባቢያችን ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ወደ ደም መቃባት እንደሚያመራ ሁላችንም እናውቃለን።

የሕጉንም ጉዳይ መዘንጋት የለብንም። የጦር መሣሪያ መያዝ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ተደንግጓል። የመሣሪያ ፈቃድ ማለት ግን የአደን ፈቃድ ማለት አይደለም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ይከለክላል። ስለዚህ ከአይጥና ከፍልፈል በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱትን እንስሳት ለመግደል የሚያስገድድ ሁኔታ ከተፈጠረ አስቀድሞ ለወረዳው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል።

3. የማሳ አይጥ

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያስፈልገው አይጥ ነው። ጦጣና ከርከሮ በዓይን ስለሚታዩ ያናድዱናል፤ አይጥ ግን ብዙ ጊዜ ሳይታይ የበለጠ ይወስዳል። በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ በበቆሎ ማሳ የተካሄደ ጥናት አይጥ ከምርቱ ሩብ ያህል ሊያጠፋ እንደሚችል አሳይቷል።

በማሳችን በብዛት የሚገኘው ብዙ ጡት ያለው አይጥ የሚባለው ዝርያ ነው። ሴቷ እስከ 24 የሚደርሱ ጡቶች አሏት፤ እርግዝናዋ 23 ቀን ያህል ብቻ ሲሆን በአንድ ጊዜ 10 እና ከዚያ በላይ ግልገል ትወልዳለች። ግልገሎቹም በጥቂት ወራት ውስጥ ለመራባት ይደርሳሉ። መራባቱ ዝናብን ተከትሎ የሚመጣ በመሆኑ ቁጥራቸው ከፍተኛ የሚሆነው ሰብሉ ሲደርስና ሲታጨድ፣ ማለትም በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ነው። እኛ ወጥመድ ማጥመድና መርዝ መፈለግ የምንጀምረውም በዚሁ ጊዜ ነው። ስህተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በምሳሌ እንመልከተው። በሰኔ መግቢያ በአንድ ማሳና በዳርቻው 20 አይጦች አሉ እንበል፤ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። አሥሩ ሴቶች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ቢወልዱና እያንዳንዳቸው 10 ግልገል ቢያገኙ፣ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 100 አዲስ አይጦች ይጨመራሉ። በሰኔ መግቢያ አሥር ሴት አይጦችን የገደለ አርሶ አደር መቶ አይጥ አስቀርቷል ማለት ነው። በኅዳር አሥር የገደለው ግን አሥር ብቻ ነው የገደለው። ጥይቱም፣ ድመቱም፣ ዱላውም በኅዳር ዋጋ የላቸውም የምንለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የአይጥ ዘመቻ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ፣ መራባት ሳይጀምር መካሄድ አለበት። በዚያን ጊዜ ማሳው ባዶ ስለሆነ አይጡ የሚገኘው በዳርቻ ሣር፣ በቁጥቋጦ፣ በአሮጌ ክምር ሥርና በድንጋይ እርከን ውስጥ ነው። በትግራይ ተምቤን አካባቢ የተካሄዱ ጥናቶች የድንጋይ እርከን በበዛበት ማሳ አይጥም እንደሚበዛ አሳይተዋል። ይህ ሲባል ግን እርከን ይፍረስ ማለት አይደለም፤ አፈራችንን የያዘልን እርከኑ ነው። በእርከኑ ላይ የበቀለውን ሣርና ቁጥቋጦ ማጨድ፣ በድንጋዮቹ መካከል ያሉ ሰፋፊ ክፍተቶችን በትናንሽ ድንጋይና በአፈር መድፈን፣ ወጥመዱንም እርከኑን ተከትሎ መደርደር ያስፈልጋል። በማሳው መካከል የተጣለ ወጥመድ በዚያ ወቅት ባዶውን ያድራል።

ወጥመድ ሲጠመድ የተቆላ እህል ወይም የተፈጨ ለውዝ ማባበያ ይደረግበታል። ብዙ ጡት ያለው አይጥ በሌሊት ስለሚንቀሳቀስ ማታ ተጠምዶ ጠዋት ይታያል። በቀን በሣር መካከል ጥርጊያ መንገድ ሠርቶ ሲሯሯጥ የሚታይ አይጥ ካለ ግን ያ ሣር አይጥ የሚባለው ሌላ ዝርያ ነውና ወጥመዱ ቀንም እንደተጠመደ ይቆይ። በቀላሉ የሚሠራው የባልዲ ወጥመድም ጥሩ ነው፤ ባልዲ በአፉ ልክ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ግማሽ ድረስ ውኃ ይደረግበታል፤ በላዩ ላይ የሚሽከረከር ቆርቆሮ ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ በሽቦ ይሰካና ማባበያ ይቀባል። ሕፃናትና ጫጩት እንዳይገቡበት ቀን መከደን አለበት።

አንድ አርሶ አደር ብቻውን ማሳውን ቢያጸዳ የጎረቤቱ አይጥ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይተካዋል። ዘመቻው በአንድ ጎጥ ያሉ ማሳዎችን በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ መሸፈን አለበት። እናንተ ሞዴል አርሶ አደሮች የምታስፈልጉት በተለይ እዚህ ላይ ነው፤ ቀን ቆርጣችሁ ካልጠራችሁ ማንም አይጠራም።

ስለ መርዝ። ዚንክ ፎስፋይድ የተባለው ጥቁር ግራጫ ዱቄት በገበያ ተበትኖ ሲሸጥ ይታያል። ከእርጥበትና ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ልጅ፣ ውሻ፣ ዶሮ፣ ጉጉት ሳይለይ ይገድላል። በዚያ ላይ አይጥ ትንሽ ቀምሶ ከታመመ በኋላ ያንን ምግብ ዳግመኛ አይነካም። ስለዚህ መርዝ መጠቀም የግድ ከሆነ በልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም በዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ ተዘጋጅቶ፣ አስቀድሞ ለሁለትና ሦስት ሌሊት ንጹሕ እህል በዚያው ቦታ ተሰጥቶ ከተለማመደ በኋላ ይደረግ። በምግብ ዕቃ አይለካ፤ በጓንት ይያዝ፤ የሞተ አይጥ ጠዋት ጠዋት ተሰብስቦ በጥልቀት ይቀበር። ከረጢቱ ታጥቦ እህል አይያዝበት።

በጎተራ ውስጥ ያለው አይጥ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ጎተራው ከመሬት ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ባሉ እግሮች ላይ ይቁም፤ በእያንዳንዱ እግር ላይ አፉን ወደ ታች የደፋ የቆርቆሮ ቆብ ይደረግ፤ ከግድግዳ፣ ከአጥርና ከዛፍ ቅርንጫፍ በ1 ሜትር ያህል ይራቅ። ብዙዎቻችን ቆቡን አድርገን ምሳሩን፣ ሞፈሩንና አሮጌውን ቀንበር ጎተራው ላይ እናስደግፋለን፤ አይጡም በዚያው ላይ ይወጣል። አየር የማያስገባው የነቀዝ መከላከያ ከረጢትም ነቀዝን እንጂ አይጥን አይከለክልም፤ አይጥ አንድ ጊዜ ከበሳው ለነቀዝም አይሆንም።

4. ፍልፈል

ፍልፈል ከአይጥ ጋር ቢመሳሰልም ነገሩ የተለየ ነው። ኑሮው ከመሬት ሥር ሲሆን ድንች፣ ካሮትና እንሰት ከሥሩ ይበላል። ብቻውን በራሱ ጉድጓድ ይኖራል፤ የሚወልደውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ስለዚህ በአይጥ ላይ የማይሠራው አንድ በአንድ የመያዝ ዘዴ በፍልፈል ላይ በደንብ ይሠራል። አባቶቻችን የሚጠቀሙበት የታጠፈ እንጨትና የገመድ አሽክላ ከማንኛውም መርዝ የተሻለ ነው። አዲስ የተቆለለ እርጥብ አፈር ካለበት ጉድጓዱን ከፍቶ አሽክላውን በመተላለፊያው ውስጥ ማኖር በቂ ነው፤ ፍልፈል ብርሃንና ነፋስ ሲገባበት ቀዳዳውን ለመድፈን ይመጣል።

5. ጃርት

ጃርት ወስፌዋን ትወረውራለች የሚባለው እውነት አይደለም። ወስፌው በቀላሉ ይነቀላል እንጂ አይወረወርም፤ ጃርት ሲያስፈራሯት ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ኋላ ትንደረደራለች። ውሾቻችን የሚጎዱት ለዚህ ነው።

ጃርት ሌሊት ብቻ ትወጣለች፤ ቀን በዋሻና በጉድጓድ ትውላለች፤ ብዙ ዓመት ትኖራለች፤ በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ወይም ሁለት ነው። በአንድ ማሳ ላይ ከባድ ጉዳት የምታደርሰው ብዙ ጊዜ አንድ ጥንድ ወይም አንድ ቤተሰብ ናት፤ በየሌሊቱም በለመደችው መንገድ ትመጣለች። ድክመቷ አለመውጣቷና አለመዝለሏ ሲሆን ብልሃቷ መቆፈሯ ነው። ስለዚህ አጥሩ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። ጉልበት ድረስ የሚደርስ ሽቦ ወይም ጥብቅ የሆነ የእንጨት አጥር ከመሬት ሥር ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ተቀብሮ ከተሠራ ይበቃል። ድንች ለደረሰበት ግማሽ ጥማድ ማሳ ይህን ማጠር፣ ሁለት ወር ሌሊት ከማደር ይሻላል። ሽቦ ካልተገኘ በገባችበት በኩል ብቻ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቀብሮ መዝጋትም ይረዳል፤ በሌላ በኩል መሞከሯ ስለማይቀር ግን በየጠዋቱ ዳርቻውን መዞር ያስፈልጋል። የደረሰ ድንች በመሬት ውስጥ ማቆየት ለጃርት ጎተራ እንደመክፈት ነውና በወቅቱ ይቆፈር።

6. ከርከሮና የዱር አሳማ

ከርከሮ በቀን፣ የዱር አሳማ በሌሊት ይመጣል። ሥጋቸውን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለማይበላ ቢገደሉ ለባለማሳው የሚተርፈው ጥቅም የለም። የቆሰለ ከርከሮ ደግሞ ሰውና ውሻ በክራንቻው ይዘለዝላል። ሁለቱም ከላይ ከመዝለል ይልቅ ከሥር ፈልቅቀው መግባት ይቀናቸዋል፤ ስለዚህ የእሾህ አጥሩ ወደ መሬት ተጠግቶ የጠበቀ ይሁን፤ ከላይ ቢሳሳ ችግር የለውም። ብዙ ጊዜ የምናጥረው በተቃራኒው ነው።

7. ጦጣና ዝንጀሮ

እነዚህ በቀን የሚንቀሳቀሱ፣ በመንጋ የሚኖሩና የሚያዩትን የማይረሱ እንስሳት ናቸው። በተኩስ የተደናገጠ መንጋ ለጥቂት ቀን ይርቃል፤ ከዚያ ድምፁን ይለምድና ይመለሳል። ጠባቂው ማን እንደሆነና መቼ ለምሳ እንደሚሄድም ያውቃሉ። ከጥበቃ የተሻለ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ጥያቄው ጥበቃውን ማን ያድርገው የሚለው ነው።

በአብዛኛው ልጆችን እናስቀምጣለን። ጦጣና ዝንጀሮ ሕፃን ልጅ ብዙም አይፈሩም፤ ልጁም ከትምህርት ገበታው ይቀራል። በአንድ ጫካ ዳር ማሳ ያላቸው ስምንት አባወራዎች እያንዳንዳቸው በየቀኑ አንድ ሰው ቢያሰማሩ ስምንት ሰው ይውላል። ተስማምተው በቀን ሁለት ጠንካራ ሰው በተራ ቢያቆሙ ግን አንድ ቤት ተራ የሚደርሰው በአራት ቀን አንድ ጊዜ ነው። ወንጭፍ፣ ጅራፍና ውሻ ለሁለት ጠባቂ በቂ ነው። ጥበቃው መጠናከር ያለበት ገና ሲነጋና ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሲመሽ ወደ ገደላቸው ወይም ወደ ዛፋቸው ይመለሳሉ።

በጫካውና በማሳው መካከል ያለውን ቁጥቋጦ አንስቶ ጠራ ያለ ቦታ መተው መንጋው ተደብቆ እንዳይገባ ያደርጋል። በዚያ በኩል በቆሎ ከመዝራት በርበሬን የመሰለ የማይወዱትን ሰብል ማስቀደምም ይቻላል። በደጋ ገብስ ላይ የሚመጣው ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትኛውም አገር የማይገኝ ነውና ማባረር እንጂ መግደል አይገባም።

8. ግሪሳ

አንድ ግሪሳ ወፍ 20 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ በቀን እስከ 10 ግራም እህል ትበላለች። አንድ ሚሊዮን ወፍ ያለበት መንጋ በቀን 10,000 ኪሎ ግራም ወይም 100 ኩንታል ይበላል ማለት ነው። ይህ በአንድ አርሶ አደር አቅም የሚመከት አይደለም። መንጋው የሚያድርበትን ቦታ ፈልጎ በዕለቱ ለግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ዋናው ሥራ ነው፤ ማደሪያው ካልታወቀ የመከላከል ሥራ መጀመር አይቻልም።

9. የማይገደሉ ረዳቶች

ጉጉት የሟርት ወፍ ናት እየተባለች በድንጋይ ትባረራለች፤ እንዲያውም ጎጆዋ ይፈርሳል። ጉጉት ግን በየሌሊቱ አይጥ የምታድን የማሳችን ጠባቂ ናት። በማሳ ዳር ያረጀ ዛፍ ካለ አይቆረጥ፤ ዛፍ ከሌለ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም ባለ መስቀለኛ እንጨት ማቆም ማረፊያ ይሆናታል።

በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ምግቡ ከሞላ ጎደል አይጥና የአይጥ ዘመድ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ያህል ብቻ ሲሆኑ ሁሉም በኢትዮጵያ ናቸው። በግ ሰራቂው ተራ ቀበሮ እየመሰለ በስህተት እንዳይገደል ለልጆችና ለእረኞች ማስረዳት ያስፈልጋል። ቀይ ቀበሮ ቀይ ፀጉር፣ ነጭ ጉሮሮና ረጅም እግር አለው። ለቀይ ቀበሮ ትልቁ አደጋ ከቤት ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ስለሆነ፣ በእነዚህ አካባቢዎች ያላችሁ ውሾቻችሁን በዘመቻ ወቅት አስከትቡ።

10. የቡድን ሥራና የመወያያ ጥያቄዎች

ሰልጣኞች አምስት አምስት ሆነው የሚከተሉትን ይሥሩ፤ ውጤቱንም ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ያቅርቡ።

ሀ. የጎጣችሁን ካርታ በመሬት ላይ በእንጨት ሥሩ። የድንጋይ እርከን፣ ጫካ፣ ገደል፣ ማማና መኖሪያ ቤት ምልክት አድርጉ። ከማማው በየአቅጣጫው 2 ኪሎ ሜትር ምን እንደሚደርስ አሳዩ።

ለ. ባለፈው ዓመት በማሳችሁ ጉዳት ያደረሰው እንስሳ የትኛው ነው? ዱካውን፣ ኩሱንና የተበላውን ሰብል እያያችሁ እንዴት ለያችሁት? ቀን ነው ወይስ ሌሊት የመጣው?

ሐ. በመጪው ግንቦት መጨረሻ ለሚካሄደው የአይጥ ዘመቻ ስንት ወጥመድ አለ? ስንት ይጎድላል? ከወንዙ ማዶ ያሉ ጎረቤቶችን ማን ያነጋግር?

መ. በጫካ ዳር ላሉ ማሳዎች የጥበቃ ተራ ዝርዝር አዘጋጁ። ወንድ የሌለባቸው ቤቶችና አቅመ ደካሞች ተራቸው በምን ይሸፈን?